ሰባት መስመር የጥያቄ ምልክት

ግራና ሦስት ፊደል ናት፤ ግ፣ ራ፣ ና። በነሐሴ 1999 ዓ.ም. በአንድ ዝናባማ ምሽት ግን ይህችን ሦስት ፊደል በኮምፒውተሬ መስኮት ላይ ዘጠኝ ምልክት ሆና አገኘኋት። በአናቷ ላይ ጭረት ያረፈባት የላቲን «ኤ» ሦስት ጊዜ ተደግማለች። በመካከላቸው «ኦ» እና «ኢ» እንደ መንትያ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ትንሽ ቆብ የመሰለች ነገር አለች፤ ቆብ የተገለበጠባት «ኤስ» አለች፤ ለዓይን የማትታይ አንዲት ምልክትም አለች። ከሁሉ የገረመኝ «ራ» በነበረችበት ቦታ መጨረሻ ላይ የገዛ ራሳችን የጥቅስ መክፈቻ ምልክት ቁጭ ማለቷ ነው። አንድ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ቃል ያጣ ይመስል ነበር።

ውድ አንባቢ፣ የማወጋህ ስለ አንዲት የተሳሳተች ትእዛዝና ስለ ሰባት መስመር ግጥም ነው። ትእዛዟ የተጻፈችው በሰርቨር ውስጥ ነው፤ ግጥሙ የተነገረው መርሳ ላይ ነው። ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ትገኛለች። ከቆቦ አንሥቶ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ሰፊ ሸለቆ ቆቦ ግራና እየተባለ በእሷም ስም ይጠራል። ጤፍና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ዝናብ ሲመጣ እጅ የሚያስነክስ፣ ዝናብ ሲቀር ደግሞ ሰውን ከነቤተሰቡ የሚያፈልስ አገር ነው። እኔ በልጅነቴ ወጥቼ አዲስ አበባ ቀረሁ። አጎቴ ግን እዚያው ኖሩ። ባለቅኔ ነኝ ብለው አያውቁም፤ ነገር ግን ለቅሶ ላይም፣ ሠርግ ላይም፣ ደቦ ላይም «እስኪ አንድ በል» ሳይባሉ የዋሉበት ቀን አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ግጥሞቻቸውን የማኖርባት ትንሽ ድረ ገጽ አበጀሁ። እሳቸው በገበያ ቀን መርሳ ይመጡና ከዘመድ ቤት ስልክ ይደውላሉ፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እየሰማሁ እጽፋለሁ። በአንድ ዓመት 43 ግጥሞች ሰበሰብን።

ከዚያ ሰርቨር የሚያከራየኝ ድርጅት ዕቃውን ወደ አዲስ ማሽን አዛወረ። በማግስቱ ግራና ዘጠኝ ምልክት ሆና አደረች።

* * *

በዚያን ዘመን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሦስት ዓይነት ሕመም ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው ባዶ ሳጥን ነው። ፊደሉ ሳይጎድል፣ ሳይዛባ ደርሷል፤ የአንባቢው ኮምፒውተር ግን የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፎንት የለውም። ይህ የሚታከመው አንባቢው ቤት ነው። ኒያላ የተባለው የፊደላችን ፎንት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መምጣት ሲጀምር ይህ ሕመም እየቀነሰ ሄደ። ሁለተኛው እኔ ያየሁት ዝብርቅርቅ ነው። የፊደሉ ቁጥሮች ደኅና ናቸው፤ የተነበቡት ግን በሌላ ቋንቋ ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። ስለሱ ቆይቼ እናገራለሁ።

ሁለተኛውን ለመረዳት ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሆነ ማሰብ ያሻል። ፊደል እዚያ ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ለግእዝ ፊደል ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ፍስሐ አጥላውንና ዶክተር አበራ ሞላን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የባቢሎን ግንብ ይሆናል።

የዩኒኮድን ቁጥሮች በባይት ለማሸግ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ዩቲኤፍ-8 ይባላል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በገበታ ወረቀት ላይ የነደፉት ነው። በዚህ አስተሻሸግ የተለመዱት የግእዝ ፊደሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። «ግ» 225፣ 140፣ 141 ናት። «ራ» 225፣ 136፣ 171 ናት። «ና» 225፣ 138፣ 147 ናት። ላቲን-1 በተባለው የምዕራብ አውሮፓ ሰሌዳ ደግሞ 225 ማለት ያቺ ባለ ጭረቷ «ኤ» ናት፤ 171ም የጥቅስ መክፈቻ ናት። እንግዲህ የአማርኛ ጽሑፍ በላቲን ሰሌዳ ሲነበብ በየሦስት እርምጃው ያቺ «ኤ» ብቅ የምትለው ለዚህ ነው። አንድም ባይት አልጠፋም። የጠፋው «ይህ በዚህ ሰሌዳ ይነበብ» የሚለው ምልክት ነው።

ይህን ምልክት የሚሰጠው ማነው? ሁለት ተናጋሪዎች አሉ። አንዱ ገጹ ራሱ ነው፤ በራስጌው «እኔ ዩቲኤፍ-8 ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ሰርቨሩ ነው፤ ገጹን ሲልክ በፊቱ አንዲት አጭር ማስታወሻ ያስቀድማል። ሁለቱ ካልተስማሙ ብራውዘሩ የሚያምነው ሰርቨሩን ነው። ባለቤቱ «ስሜ እከሌ ነው» ቢልም በር ላይ ያስተዋወቀው ሰው ቃል ይጸናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የድር መገናኛ ደንብም ምንም ካልተባለ ጽሑፉ ላቲን-1 እንደሆነ ይቆጠር ይል ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ2014 ነው። አፓቺ የተባለው እጅግ የተስፋፋው የሰርቨር ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰሌዳ ላልተጠራላቸው ገጾች ሁሉ አንድ ሰሌዳ የምታውጅ ትእዛዝ ጨመረ። ትእዛዟ ለክፋት አልመጣችም፤ ሰሌዳው ሳይታወቅ በሚቀርበት ክፍተት ሾልከው ከሚገቡ አጥቂዎች ለመከላከል ነበር። ነገር ግን ላቲን-1 እንድታውጅ በተሠራችበት ሰርቨር ሁሉ የእኛን ፊደል አፍ ታሲዛለች። የእኔም ገጽ ላይ የወረደው ይኸው ነበር።

* * *

ያን ሌሊት ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ግጥሞቹ መበላሸታቸውን ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን ሁሉ መልቀም አልቻልኩም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳታቤዙን፣ ማለትም ግጥሞቹ የተቀመጡበትን መዝገብ ነው። ከዚህም ከዚያም ባነበብኩት ምክር፣ ድረ ገጹ ከመዝገቡ ጋር ሲነጋገር በዩቲኤፍ-8 እንዲነጋገር የምታዝዝ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ለውጥ አላየሁም። መስመሯን ሳልሰርዝ ወደ ሌላ ሄድኩ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው፤ ያልሠራን መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ትቶ ሌላ መዋጥ።

ቀጥሎ የሰርቨሩን ማስታወሻ ተመለከትኩ፤ ላቲን-1 ይላል። ደስ አለኝ። በገጹ ማኅደር ውስጥ ያለውን የትእዛዝ ፋይል በኖትፓድ ከፍቼ «ዩቲኤፍ-8 ብለህ አውጅ» የሚል መስመር ጻፍኩና አስቀመጥኩ። ገጹን ስከፍት ዝብርቅርቁ እንኳ ጠፋ፤ በቦታው 500 የሚል ቁጥር ብቻ መጣ። 500 ማለት ሰርቨሩ «በውስጤ ችግር ገጥሞኛል» ሲል ነው፤ ችግሩን ግን ለእንግዳ አይናገርም፤ ለቤተሰብ ብቻ በስሕተት መዝገቡ ይጽፋል። መዝገቡን አንብቤ የማያውቀው ትእዛዝ እንደገጠመው ተረዳሁ። ትእዛዙን ፊደል በፊደል አየሁት፤ እንከን የለውም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የዚያ ዘመን ኖትፓድ አንድን ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ሲያስቀምጥ በመጀመሪያው ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ይጨምራል። ለአንባቢ ምልክት ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን ከትእዛዙ ጋር የተጣበቀ ባዕድ ቃል ናቸው። ኖትፓድ ይህን ልማድ የተወው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሦስቱን ባይቶች ነቅዬ ጣልኩ፤ የፊት ገጹ ተከፈተ፤ ግራና እንደገና ሦስት ፊደል ሆነች። ከደስታዬ ብዛት ወደ ውስጥ ገብቼ ግጥሞቹን ሳላይ ተኛሁ። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው፤ በሩ ስለተከፈተ ቤቱ የዳነ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የመርሳ ገበያ ቀን ነበርና አጎቴ ደወሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ የሰባ ሰባትን ልንገርህ» አሉኝ።

ሰባ ሰባት ሲሉ በ1977 ዓ.ም. ወሎን የፈጀውን ረኀብ ነው። ከዚያ በፊት ስለዚያ ዓመት ተናግረው አያውቁም። ከግራና ወጥተው ስላልተመለሱ ሰዎች ሰባት መስመር አሉ፤ ስማቸውን እየጠሩ። በወረቀት አልጻፍኩም፤ እንደለመድኩት በቀጥታ ወደ ገጹ አስገባሁ። በመካከል አንድ ጊዜ «አጎቴ፣ እስኪ ይድገሙልኝ» ብያቸው ደግመውልኛል። ሲጨርሱ «ተመዝግቧል» የሚል መልእክት መጣልኝ። እኔም «ተመዝግቧል» አልኳቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ የግጥሞቹን ገጽ ከፈትኩ። 43ቱ አሮጌዎች እንደተዘበራረቁ ናቸው። አዲሱ ግን ሰባት መስመር የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

* * *

የሆነው እንዲህ ነው። መዝገቡ ማይኤስኪዩኤል በተባለው ፕሮግራም የሚሠራ ነበር፤ የዚህ ፕሮግራም መነሻ አገር ስዊድን ስለሆነ፣ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ጽሑፍን በላቲን-1 ሰሌዳና በስዊድን የፊደል ተራ ያስቀምጥ ነበር፤ ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ስምንተኛ እትሙ ነው። የግራና ግጥሞች አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ስዊድን ጽሑፍ ተቆጥረው ሲቀመጡ ኖረዋል፤ ሲገቡም ሲወጡም ስሕተቱ አንድ ዓይነት ስለነበር ግን ማንም አላወቀም። ሁለት ሰዎች በአንድ የተሳሳተ ሚዛን ሲሸጡና ሲገዙ ጠብ አይነሣም።

እኔ አንደኛውን ሚዛን ብቻ ለወጥኩ። የተውኳት መስመር የሚገባውን ጽሑፍ ግእዝ መሆኑን ለመዝገቡ ነገረችው፤ መዝገቡ ግን የላቲን ሣጥን ብቻ ነበረው። ለእያንዳንዱ ፊደል በላቲን ሰሌዳ ውስጥ አቻ ፈለገ፤ አጣ፤ በየፊደሉ ፋንታ አንድ አንድ የጥያቄ ምልክት አኖረ። የታሸገውን እንደታሸገ ማስቀመጥ ሲችል ፈትቶ ተረጎመ፤ መተርጎም ሲያቅተው ጣለው።

አሮጌዎቹ 43 ዳኑ። ሕክምናቸው ቀላል ነው፤ መዝገቡ ምንም ሳይተረጉም ቃሉን ወደ ጥሬ ባይት እንዲመልስ ማድረግ፣ ከዚያ በሣጥኑ ላይ «ዩቲኤፍ-8» ብሎ መጻፍ። ከዚያ በፊት ግን ሙሉውን ግልባጭ ወደ ሌላ ቦታ አወጣሁ፤ በስተመጨረሻም ቢሆን ይህን ተምሬ ነበር። ዝብርቅርቅ የሆነ ጽሑፍ ይመለሳል፤ ባይቶቹ አሉና። የጥያቄ ምልክት የሆነ ግን አይመለስም። የማይነበብ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ የጠፋውም ቢሆን ምንም አልተረፈውም ማለት አይደለም። በሰባቱ መስመሮች ውስጥ የቃላቱ ክፍተት እንዳለ አለ። አራት ምልክት፣ ክፍተት፣ ሦስት ምልክት፣ ክፍተት፣ አምስት ምልክት። የቃሉን ርዝመት አውቃለሁ፤ ቃሉን አላውቅም። የትኛው ስም፣ የትኛው ግስ እንደነበር አላውቅም። በአራተኛው መስመር መካከል ግን 77 የሚለው አኃዝ እንደ ድንጋይ ቆሟል። ቸኩዬ በተለመደው አኃዝ ስለጻፍኩትና ይህ አኃዝ በላቲን ሰሌዳ ውስጥ ስላለ ተርፏል። በግእዝ አኃዝ ጽፌው ቢሆን እሱም ከሰዎቹ ጋር በሄደ ነበር።

ደውዬ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሣቁ።

«አብሽር ልጄ፤ ያ የዚያን ቀን ነው» አሉኝ። ሌላ ግጥም ነገሩኝ። ስለ ዝናብ ነበር፤ ስም አልነበረበትም።

* * *

ከዚያ ወዲህ የፊደላችንን ታሪክ ሳነብ በየገጹ ያንኑ ሌሊት አገኛለሁ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ሲሆን፣ ፊደሉን የተማረው ሮም ውስጥ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ፊደሉን አስቀረጸ፣ መዝሙሩን አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው። ጽሑፉ ጤነኛ፣ ምልክቱ ስሑት። ከሰርቨሬ በፊት 494 ዓመት ቀድሞ አንድ ሰው በግእዝ ጽሑፍ ፊት የተሳሳተ የሰሌዳ ስም አውጆ ነበር።

ከዚያ ከ35 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በመጽሐፉም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ንባቡን አያውቁም፤ ንባቡን የሚያውቁት ደግሞ ኅትመቱን አያውቁምና። እኔም ከሰርቨሩ ጋር የነበረኝ ነገር ከዚህ አልራቀም። እኔ ግጥሙን አውቃለሁ፣ ሣጥኑን አላውቅም፤ ሣጥኑ ራሱን ያውቃል፣ ግራናን አያውቅም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነገሩ መልክ የያዘው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲሠራ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ በዛሬው አጠራር የወሎ ልጅ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከእሳቸው የተቀዳ ዕውቀት ነው። የሚያነበውና የሚያትመው በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ምልክቱ ተቃና።

ከግራና ወደ ደቡብ፣ ደሴ ሳይደርሱ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ ወንጌላቸው እስከዛሬ የሚነሣ ገዳም ነው። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት የተሳሳተውን በስለት ይፍቃል፣ ወይም የተዘለለውን በመስመሮቹ መካከል በትንሹ ይጽፋል። ነገር ግን የሚገለብጥበት ናሙና ከፊቱ አይነሣም። ጸሐፊው ናሙናውን ፍቆ ቅጂውን አያርምም። እኔ ያደረግኩት ግን ልክ ይህንኑ ነበር፤ ናሙናዬ የአጎቴ ድምፅ ነበር፤ ድምፁን ወደ ሣጥኑ ሰድጄ ስልኩን ዘጋሁ።

ዛሬ አንድ ሰው ገጼ ተበላሸ ብሎ ሲጠይቀኝ የምነግረው ያን ሌሊት ያላደረግኩትን ነው። መጀመሪያ ግልባጭ አውጣ። ሕመሙ ሳጥን ነው፣ ዝብርቅርቅ ነው፣ ወይስ የጥያቄ ምልክት? ለይ። የስሕተት መዝገቡን አንብብ፤ ሰርቨር ለእንግዳ የማይናገረውን እዚያ ይናገራልና። አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልስ፤ ከዚያ ሌላውን ሞክር። ፊት ገጹ ሲከፈት አትተኛ፤ እስከ ጓዳ ግባ። ገጹ፣ ሰርቨሩ፣ መዝገቡና በመካከላቸው ያለው መንገድ አራቱም አንድ ቃል መናገራቸውን ሳታረጋግጥ ሰው ቃሉን እንዲሰጥህ አትጠይቅ።

አጎቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘበት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ከግራና አንድም ድምፅ አልሰማሁም። በእነዚያ ወራት ማታ ማታ 43ቱን ግጥሞች እየከፈትኩ አነብ ነበር። አገሬ በእጄ የቀረችው ያችው ነበረች።

አርባ አራተኛውን አልሰረዝኩትም። አንድ ወዳጄ «ይህ ባዶ ነገር ምን ያደርግልሃል?» ብሎኛል። ባዶ አይደለም። ከግራና ወጥተው ያልተመለሱት ሰዎች ስማቸው ስንት ፊደል እንደሆነ ተጽፎበታል፤ ዓመታቸውም አለ። አንዳንድ ቀን በአራት ምልክቶች ላይ አንድ ስም ለክቼ እሞክራለሁ፤ ይገጥማል። ሌላም እሞክራለሁ፤ እሱም ይገጥማል። አራት ፊደል ያለው የግራና ሰው ስም ሁሉ ይገጥማል።